ግድግዳውና አዋጁ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሰቆጣ፣ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ባሕር ማዶ ስለሚኖር እሑድ እሑድ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ አንዲት ስልክ ከቦ ከእርሱ ጋር በምስል ይነጋገራል። በዚያች እሑድ ልጁ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ፊቱ በስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምፁ ተቆራረጠ፤ ከዚያም ጠፋ።

በቤቱ ውስጥ ስለ ዋይፋዩ ሳጥን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። የአጎቴ ባለቤት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ደግሞ ዘጉት?» አሉ። አጎቴ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱና ወደ ጨለማው ጆሯቸውን ሰጡ፤ ተኩስ ይሰማ እንደሆን ለማድመጥ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ልጁ ተመልሶ መጣ። የተዘጋ ነገር አልነበረም። የቤቱ ዋይፋይ ተንቀራፍፎ ነበር እንጂ።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላነሣላችሁ የወደድኩት ይህችን ድንጋጤ ነው። የግድግዳ ጥፋትና የመንግሥት አዋጅ አንድ መስለው የሚታዩበት ቤት እንዴት ሊኖር ቻለ?

ድንጋጤው ከባዶ አልመጣም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የተዘረጋው የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘ ሲሆን ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሽቦው ከመነሻው የቤተ መንግሥት አፍና ጆሮ ነበር፤ ትእዛዝ ያወርድበታል፣ ወሬ ይሰማበታል። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋምም፣ በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ባለቤቱ ያው መንግሥት ብቻ ሆኖ ዘለቀ። ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ሲመጣም የገባው በዚያው በር ነው። ሁለተኛ በር የተከፈተው ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ነው።

በሩ አንድ ሲሆን ቁልፉም አንድ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ፤ ለወራት ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ተሰደደ እኛ በሩቅ ያለን ዘመዶች የምንሰማበት መንገድ አልነበረንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደገና ተቋረጠ። በዚህ ሁሉ ያለፈ ቤተሰብ ምስል ሲደርቅበት «ራውተሩ ምን ሆነ?» ብሎ ባይጠይቅ ምን ይፈረድበታል?

በማግሥቱ ግን «ጋሼ፣ ከመፍራታችን በፊት እስቲ እንመርምረው» አልኳቸው። እርሳቸውም የታሪክ መምህር ነበሩና ነገሩን በሚያውቁት ነገር እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። እኔም በጨው ጀመርኩ።

ሰቆጣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከታወቁት የአሞሌ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ደጋውን ወጥቶ በትግራይ በኩል ሰቆጣ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይበተናል። በመንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ወንዝ አለ፤ ቀጭን የገደል መንገድ አለ። ጨው የዘገየበት ነጋዴ «መንገዱ ረጅም ነው» ብሎ አይተወውም፤ የትኛው ኬላ ላይ እንደ ተያዘ ያጣራል። ሰፊው ሜዳ ላይ መቶ ግመል ጎን ለጎን ቢሄድ በገደሉ መንገድ የሚያልፈው አንድ በአንድ ነውና፣ የሲራራው ፍጥነት የሚለካው በጠበበው ቦታ ነው።

ኢንተርኔትም እንደዚሁ ነው። አገራችን የባሕር በር የላትምና መረጃው ከባሕር ሥር ከተዘረጉት ገመዶች ተነሥቶ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ይገባል። ከዚያ በአገር ውስጥ መስመር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እስከምትገኘው ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ እስከ አጎቴ ቤት ይመጣል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ከሳጥኗ እስከ ስልኩ በአየር የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ዋይፋይ የሚባለው ይኸው ብቻ ነው። በዚህ ረጅም መንገድ ውስጥ የእኛ የሆነው ኬላም ይኸው አንዱ ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ1985 እ.ኤ.አ. እነዚህን ሞገዶች ያለ ፈቃድ መጠቀምን ስለ ፈቀደ፣ ሌላውም ዓለም ስለ ተከተለ፣ ዛሬ ማንም በቤቱ ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅድ ሳጥኑን ያንቀሳቅሳል።

ምርመራውን የጀመርነው ዋይፋዩን ከመንገዱ በማውጣት ነው። ላፕቶፔን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁና ፍጥነቱን ለካሁ። ውሉ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይላል፤ ጠዋት በገመድ ከ9 በላይ አገኘን። ቤተሰቡ በሚሰበሰብበት ክፍል በዋይፋይ ስንለካ ግን ወደ 1 ተኩል ወረደ። መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ጨው የሚያዘው እኛው ቤት ነው ማለት ነው። አጎቴ «አንድ ፋይል ሳወርድ ግን 10 አይቼ አላውቅም» አሉ። ይህ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ነገር ነው፦ ውሉ የሚቆጥረው በቢት፣ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው በባይት ነው። ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። እዚህ ላይ የተሰረቀ ነገር የለም።

ከዚያ ሳጥኗ ወዳለችበት ሄድን። ከሌባና ከአቧራ ትጠበቅ ተብላ በጓዳው ጥግ፣ ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ ተቀምጣለች። በእርሷና በሳሎኑ መካከል ክንድ የሚያህል የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ አለ። የዋይፋይ ሞገድ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ሲያልፍ እጅግ ይደክማል። 5 ጊጋ ኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ለግድግዳ ከዚያም የባሰ ደካማ ነው። ብረትና ቆርቆሮ ደግሞ መልሰው ይወረውሩታል። ሌላም አለ፦ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ስልኮች የሚናገሩት ተራ በተራ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ በደካማ ምልክት የሚንተባተብ አንድ ስልክ የሁሉንም ተራ ያስረዝማል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁ የጎረቤት ልጆች ከአጥር ውጭ ተደግፈው ይጠቀሙበት ነበር።

ሳጥኗን አውጥተን በሳሎኑ መካከል፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገን አስቀመጥናት። የይለፍ ቃሉን ቀየርን፤ አጎቴ ግን ለልጆቹ የቀን ሰዓት መደቡላቸው እንጂ አልከለከሏቸውም። ሳሎን ውስጥ 8 ገባ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደግመን ስንለካ ግን በገመዱም ቢሆን ወደ 3 ወርዶ አገኘነው። ይህኛው የግድግዳው አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚሻገርበት ጠባብ መንገድ ላይ ያለ፣ ከአጥራችን ውጭ የሆነ ጉድለት ነው። አጎቴ የጠዋቱንና የማታውን ልክ በሰዓትና በቀን ለይተው በደብተር መጻፍ ጀመሩ። «ቀርፋፋ ነው» ብሎ የሚያማርር ሰው በቀላሉ ይመለሳል፤ በገመድ የተለካ የአሥራ አምስት ቀን መዝገብ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን መልስ ይገባዋል።

ይህን የምጽፈው ስለ ራውተር ብቻ አይደለም። ቁልፉን ደጋግሞ የሚዘጋ መንግሥት ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች አንዱ፣ ሰው የራሱን ጥፋት ከሌላው ጥፋት ለይቶ የሚያይበትን ዓይን መንጠቁ ነው። ሁሉ ነገር አዋጅ መስሎ ሲታይ ሳጥኗ በጓዳ ትቀራለች። በሌላ በኩል ሁሉን ነገር የደንበኛው ጥፋት ለሚያደርግ ባለሥልጣንም ይህ ምቹ ነው፤ የራሱን ኬላ ያጸዳ ሰው ብቻ ነው የሌላውን ኬላ በማስረጃ ሊጠይቅ የሚችለው።

ስሰናበት አጎቴ በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ከእንግዲህ ሲቆም መጀመሪያ ገመዱን እሰካለሁ፤» አሉኝ፤ «ከዚያ እፈራለሁ።»

ቸር ይግጠመን።