በ59 ቀናት ሕይወቷን የምታጠናቅቀው ትንሿ ዓሣ

ኢቪዮታ ሲጂላታ የምትባለው ዓሣ ዕድሜዋ ሁለት ወር አይሞላም። የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል እጅግ አጭር ዕድሜ ያላት ተብላ የተመዘገበችው እርሷ ናት፤ ከተፈለፈለችበት ዕለት አንሥቶ ቢበዛ 59 ቀናት ትኖራለች።

ጎቢ በሚባለው የዓሦች ቤተሰብ የምትመደበው ይህች ዓሣ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሞቃታማ ክፍል፣ በኮራል ሪፎች ላይ ትኖራለች። ርዝመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ዕድሜዋን የለዩት በአውስትራሊያ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማርሻል ዴፕቺንስኪና ዴቪድ ቤልውድ ሲሆኑ፣ ግኝታቸው የታተመው እ.አ.አ በ2005 ነው። በዓሦች ጆሮ ውስጥ በሚገኝ ጥቃቅን ድንጋይ ላይ በየቀኑ አንድ ቀለበት ይጨመራል። ተመራማሪዎቹ የዛፍን ዕድሜ ከግንዱ እንደሚያነብ ሰው፣ ከግሬት ባሪየር ሪፍ በሰበሰቧቸው ዓሦች ላይ እነዚህን ቀለበቶች ቆጠሩ።

ዓሣዋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በእጭነት በክፍት ባሕር ታሳልፋለች። ከዚያም ወደ ሪፉ ተመልሳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመራባት ትደርሳለች። ለመራባት የሚቀራት ጊዜ ከሦስት ሳምንት ተኩል አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ሴቷ በጥቂት ዙር በድምሩ 400 ገደማ እንቁላሎችን ትጥላለች፤ ወንዱ ደግሞ እስኪፈለፈሉ ይጠብቃቸዋል።

ለጥድፊያው ምክንያቱ በዙሪያዋ ያሉት አዳኞች ናቸው። ሪፉ ላይ ከሰፈሩት መካከል በየቀኑ ከመቶው ከሰባት እስከ ስምንት የሚሆኑት ይሞታሉ፤ በመራባት የዘገየ ዘር ሳይተካ ይበላል።

ሆኖም ይህ ሞት ለሌሎች ሕይወት ነው። ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት እ.አ.አ በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በኮራል ሪፎች ላይ ከሚበላው የዓሣ ሥጋ 60 በመቶ የሚጠጋው የሚገኘው በስንጥቆች ውስጥ ከሚደበቁ ጥቃቅን ዓሦች ነው። ኢቪዮታ ሲጂላታም ከእነዚህ አንዷ ናት። የሰው ልጅ በመረብ የሚያወጣቸው ትልልቅ የሪፍ ዓሦችም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚመገቡት ከዚሁ ማዕድ ነው።

የባሕር ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሎች ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቀጠለም ይሞታሉ። የሞተው ኮራል ሲፈራርስ የመሸሸጊያ ስንጥቆቹም አብረው ይጠፋሉ። ረጅም ዕድሜ ያለው ዓሣ ክፉውን ወር አሳልፎ በሚቀጥለው ዓመት ሊራባ ይችላል። ለኢቪዮታ ሲጂላታ ግን አንድ ወር የዕድሜዋ እኩሌታ ነው።