ስለ ቤርጋሞት ዘይት፤ መዓዛውና በቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት

ቤርጋሞት ከሎሚና ከኮምጣጣ ብርቱካን የተዳቀለ ፍሬ ነው። ሲበስል መልኩ ቢጫ ይሆናል፤ ጭማቂው ግን የሚመርና የሚኮመጥጥ ስለሆነ እንደ ብርቱካን ተልጦ አይበላም። ዋጋው ሁሉ በልጣጩ ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ከዓለም ምርት አብዛኛው የሚገኘው በደቡብ ኢጣልያ፣ በካላብሪያ፣ ከሬጆ ከተማ ግራና ቀኝ በተዘረጋው ጠባብ የባሕር ዳር ነው። ይህ ጽሑፍ የዘይቱን ታሪክ በሙሉ ለመተረክ አይሞክርም፤ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ ኬሚስቶች በ1834 ከዘይቱ ለይተው ያወቁት አንድ ንጥረ ነገር በሰው ቆዳ ላይ የሚሠራውን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው ስለ ምንድን ነው? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቤርጋሞትን ያስከበረው ሽቶ ነው። ኢጣልያዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና በ1709 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በተቋቋመው ቤት ይህን ዘይት ከሌሎች የሎሚ ወገን ዘይቶች ጋር በአልኮል እያሟሟ ይሸጥ ጀመር። ኦ ደ ኮሎኝ የተባለው ሽቶ ይህ ነው። የአውሮፓ መሳፍንትና ባለጸጎች ስለ ወደዱት በሬጆ ዙሪያ የቤርጋሞት ተክል እየሰፋ ሄደ። በጥንቱ አሠራር ሠራተኛው ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ ሥጋውን ያወጣል፤ ልጣጩን በባሕር ሰፍነግ ላይ እየጫነ ያሻል፤ ሰፍነጉ ዘይቱን ሲጠጣ በዕቃ ላይ ይጨምቀዋል። በ1844 የሬጆው ሰው ኒኮላ ባሪላ ይህን የሚያቀል መኪና ሠራ። ዳሩ ግን በመኪናም ቢሆን አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት 200 ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ውድ ነገር አታላይ አያጣም፤ ቀድሞ ተርፔንቲን፣ በኋላ ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ሊናሊል አሴቴት እየጨመሩ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ።

ሊናሊል አሴቴት ከሊናሎል ጋር ሆኖ ለቤርጋሞት ለስላሳ መዓዛውን የሚሰጥ ነው። በብዛት ከእርሱ ጋር የሚገኘው ሊሞኔን በተራው ሎሚ ልጣጭም አለ። እነዚህ ሁሉ በቀላሉ ይተናሉ፤ አፍንጫችን የሚያገኛቸውም ስለሚተኑ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ተኖ ሲያልቅ ከዕቃው ሥር የሚቀር ጥቂት ዝቃጭ አለ። ካልብሩነር የተባለ ኬሚስት በ1834 የገለጸው ቤርጋፕቴን ያለው በዚህ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ሽታ የሌለው ነጭ ፍሬ ጨው መሰል ነገር ሲሆን፣ መጠኑ ከ100 እጅ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። እንደ እኔ አስተያየት ለረጅም ዘመን የተናቀበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሽቶ ቀማሚ ለማይሸት ነገር ምን ጉዳይ አለው?

በሌላ ወገን ሐኪሞች ምልክቱን እንጂ ንጥረ ነገሩን አያውቁም ነበር። በ1916 ፍሮይንድ የተባለ ሐኪም ኦ ደ ኮሎኝ ከተቀቡ በኋላ ፀሐይ የመታቸው ሰዎች ቆዳቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ወጣባቸው ጻፈ። በ1925 ሮዘንታል ለዚህ ሕመም ቤርሎክ የሚል ስም አወጣለት፤ ሽቶው በአንገት ላይ የወረደበት መንገድ የተንጠለጠለ ጌጥ ስለሚመስል ነው። ነገሩን ለመረዳት የከበደው ሽቶው ብቻውን ወይም ፀሐይዋ ብቻዋን ምንም ስለማታደርግ ነው፤ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው፤ ተገናኝተውም ምልክቱ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ማን ሽቶውን ያስታውሳል? በመጨረሻ በ1938 ኩስከ የኬሚስቱን ዝቃጭና የሐኪሙን ነጠብጣብ አገናኛቸው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪንና የሰውነት ትምህርትን በሁለት ልዩ ልዩ ደብተር እንጽፍ ነበር፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም መቶ ዓመት እንዲሁ በሁለት ደብተር ሲጽፉ ቈይተዋል ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ፈጠነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኢጣልያ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሙሳጆና ሮዲጊየሮ ከነባልደረቦቻቸው የነገሩን ሥር መረመሩ። ቤርጋፕቴንና ወገኖቹ በሕዋሱ ውስጥ በዲ.ኤን.ኤ. እርከኖች መካከል ይገባሉ፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ከዲ.ኤን.ኤ.ው ጋር ይጣበቃሉ። ሕዋሱ ይጐዳል፤ ቆዳው ይቀላል፤ ቀጥሎም ይጠቍራል። ቤርጋፕቴን የቤርጋሞት ብቻ አይደለም፤ በበለስ ቅጠልም፣ እኛ ከቡና ጋር በምናውቀው በጤና አዳምም ይገኛል። የጤና አዳምን ቅጠል በቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ያንኑ ምልክት ሊያገኝ ይችላል።

የሚያስደንቀው ግን በምሥራቅ ወገን ይህ ዕውቀት ቀድሞ መኖሩ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዓረብ ሐኪም ኢብን አል በይጣር፣ በግብፅ የሚበቅል አሚ ማዩስ የተባለ ተክል ዘር ለለምጽ እንደሚሰጥና በሽተኛውም ፀሐይ እንደሚሞቅ ጽፏል። እርሱ ቤርጋፕቴንን አያውቅም፤ ነገር ግን መድኃኒቱና ፀሐይዋ አብረው እንደሚሠሩ ያውቃል። በ1947 በካይሮ ፋህሚና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል የቤርጋፕቴንን ወገን የሆኑ ንጥረ ነገሮች አወጡ፤ በ1948 ኤል ሞፍቲ በለምጽ ሕሙማን ላይ የሠራበትን ውጤት አሳተመ። በ1974 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች የዚህኑ ወገን መድኃኒት ከአልትራቫዮሌት መብራት ጋር አድርገው ሶሪያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታ አዋሉት።

ነጋዴው ግን ከሐኪሙ ሌላ ነገር ተማረ። ቆዳ ማጥቈር በአውሮፓ ፋሽን በሆነበት ዘመን ቤርጋፕቴን ያለበት የፀሐይ ቅባት ለገበያ ወጣ፤ ለሐኪም በመጠን የሚሰጠው ነገር በባሕር ዳር ያለ መጠን ተቀባ። ቤርጋፕቴን ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ሲሆን ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1995 በፀሐይ ቅባት ውስጥ የዚህ ወገን ንጥረ ነገር በኪሎ ከአንድ ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገ። ዛሬ ለቆዳ ቅባት የሚሆን የቤርጋሞት ዘይት ቤርጋፕቴኑ ተወግዶለት ይሸጣል፤ ከልጣጩ በቀጥታ የተጨመቀው የሬጆ ዘይት ግን በ2001 የትውልድ ስሙ በአውሮፓ ሕግ ተጠብቆለት እስከነዝቃጩ ለገበያ ይቀርባል።