ሰናድርና የሳጉሬ ፈረስ

ከአሰላ ወደ በቆጂ ስትጓዙ ሳጉሬን ታገኛላችሁ። ፈረስ የለመደ ደጋ ነው። እኔን ግን ሳጉሬ ሁሌ አንድ ጠመንጃ ታስታውሰኛለች፤ ሰናድርን።

ስሙ የአሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ነው። ከእሱ በፊት የእንግሊዝ ወታደር ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዝ ጠቅጥቆ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ይተኩስ ነበር። በስናይደር ፈጠራ የአሮጌው ኤንፊልድ ጠመንጃ ቂጥ ተቆርጦ በጎን የሚከፈት ክዳን ተገጠመለት። ጥይት ከኋላ ጎረሰ፤ ተኩሱም በደቂቃ 10 ደረሰ። ለፈረሰኛ የሚሆን አጭር ካርባይንም ተሠራለት። ዛሬ የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዕቃ ነው።

እኛ ግን ያወቅነው በሌላ መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ቁልቁል ሲወርድ የናፒየር ጦር በሰናድር ተቀበለው። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡም አለፉ።

አሥራ ስምንት ዓመት ቆጥራችሁ ወደ አርሲ ተመለሱ። በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ አዙሌ ላይ የአርሲ ፈረሰኛ ጦርና ጋሻ ይዞ የራስ ዳርጌን ሠራዊት ገጠመ። አሁን እንደ ረሚንግተን ያለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘው የሸዋ ጦር ነው። ብዙ ሺህ አርሲ አለቀ።

በሁለቱም ሜዳ ጀግና ሞልቶ ነበር። እንግዲህ ወዳጄ፣ አሮጌን እያስታወስን አዙሌን ከረሳን፣ ጠመንጃን የምናውቀው በአፈሙዙ በኩል ስንቆም ብቻ ነው ማለት ነው።