የዊሊያም ቲረል መጥፋት፦ ከ10 ዓመታት በኋላም መልስ ያላገኘ ፍለጋ

አውስትራሊያዊው ሕጻን ዊሊያም ቲረል የጠፋው እ.አ.አ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2014 ነው። በወቅቱ ዕድሜው 3 ዓመት ነበር። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ኬንዳል በተባለች በደን የተከበበች አነስተኛ ከተማ፣ በአሳዳጊ እናቱ እናት ግቢ ሲጫወት ቆይቶ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከዓይን ተሰወረ። በዚያ ዕለት ጠዋት የተነሳው ፎቶግራፍ ‹‹ስፓይደርማን›› የተሰኘውን የፊልም ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ያሳየዋል። ይህ ምስል በአውስትራሊያ በእጅጉ ከታወቁት ምስሎች አንዱ ሆኗል።

ቤተሰቡ ለፖሊስ የደወለው 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ነበር። ፖሊሶች፣ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች እና በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ጫካውን፣ ጅረቱን እና የየቤቱን ግቢ ለቀናት አሰሱ። ይሁንና ከሕጻኑም ሆነ ከልብሱ አንዳች ምልክት አልተገኘም። ሕጻን በእግሩ ርቆ የማይሄድ በመሆኑ፣ መርማሪዎች ሰው ወስዶት ይሆናል ወደሚለው ጥርጣሬ አዘነበሉ። ‹‹ሮዛን›› የተሰኘ ልዩ የምርመራ ቡድንም ተቋቋመ።

ዊሊያም በአደራ ቤተሰብ ዘንድ የሚያድግ ልጅ ነበር። የአደራ ቤተሰብ ከጉዲፈቻ ይለያል። በጉዲፈቻ ልጁ በሕግ የአሳዳጊዎቹ ልጅ ይሆናል፤ በአደራ ቤተሰብ ሥርዓት ግን አሳዳጊዎች ልጁን የሚንከባከቡት ከመንግሥት ወይም መንግሥት ከፈቀደለት ተቋም በአደራ ተቀብለው ነው። ‹‹አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ›› እንዲሉ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠፋ ጥያቄው ከቤተሰብ አልፎ አደራውን ለሰጠው መንግሥትም ይደርሳል።

የግዛቲቱ ሕግ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ያለን ልጅ ማንነት በመገናኛ ብዙኃን መግለጽን ይከለክላል። ዓላማው ልጁን ከመገለል መጠበቅ ነው። በዚህ ምክንያት የዊሊያም ስም እና ፎቶግራፍ በየአደባባዩ ቢሰራጭም፣ የአደራ ልጅ መኾኑ ለሦስት ዓመታት ያህል ለሕዝብ አልተነገረም። ጉዳዩ ይፋ የሆነው በ2017 ፍርድ ቤት ከፈቀደ በኋላ ነው። የአሳዳጊዎቹ ስም ግን ከዚያ በኋላም በሕግ የተጠበቀ ነበር።

የግዛቲቱ መንግሥት በ2016 ለጠቋሚ የ1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወሮታ አዘጋጀ። የወሮታው ልዩ ባሕርይ፣ ሕጻኑ የት እንዳለ ለማወቅ የሚያስችል መረጃ እስከተገኘ ድረስ የሚከፈል መኾኑ ነው፤ ተጠርጣሪ እስኪከሰስ ወይም እስኪፈረድበት መጠበቅ አያስፈልግም። ይህን ያህል ገንዘብ ቢቀርብም ምስጢሩን የሚፈታ ጥቆማ አልመጣም።

ምርመራው ራሱም ችግር ገጥሞታል። ቡድኑን ለዓመታት የመሩት መርማሪ ጋሪ ጁብሊን፣ ከአንድ ሰው ጋር ያደረጉትን ንግግር ያለ ፈቃድ በድምፅ በመቅዳት ተከሰው በ2020 ጥፋተኛ ተባሉ፤ 10 ሺህ ዶላርም ተቀጡ። መርማሪው ከዚያ ቀደም ብሎ ፖሊስነቱን ለቀዋል። ውሳኔው የሕጻን ሕይወት ፍለጋ እንኳ ቢሆን ከሕግ በላይ እንደማያደርግ ያሳየ ነበር።

በ2019 የሞት እና የመጥፋት መንስኤን የሚያጣራ ችሎት ምስክሮችን መስማት ጀመረ። በኖቬምበር 2021 ደግሞ ፖሊስ ወደ ኬንዳል ተመልሶ ለሳምንታት ቁጥቋጦ መነጠረ፤ አፈር ቆፍሮም በወንፊት አበጠረ። ችሎቱ በ2024 መጨረሻም ምስክሮችን ሲሰማ ነበር። ሕጻኑ ከጠፋ 10 ዓመታት በሞሉበት በዚያ ዓመት አስከሬን አልተገኘም፤ በመሰወሩ ወንጀል የተከሰሰ ሰውም አልነበረም።

ጉዳዩ ለማንኛውም ወላጅ እና አሳዳጊ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ልጅ ሲጠፋ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ‹‹ይመጣል›› ብሎ ሳይጠብቁ ለፖሊስ ማሳወቅ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ መስጠት፣ የለበሰውን ልብስ እና መጨረሻ የታየበትን ሰዓት እና ቦታ በትክክል መናገር ያስፈልጋል። ቦታው በሰው ብዛት ከመረገጡ በፊት መርማሪዎች እንዲያዩት ማድረግም ዱካን ከመጥፋት ያድናል።