ከእጅ ወደ እጅ፦ መጽሐፍ ያቀበለ ሰው ምን ከፈለ?

«ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?»

ዛሬ ይህ ጥያቄ ቡና ላይ የሚነሳ የወዳጅ ጨዋታ ነው። በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰው ተመርጦ፣ ድምፅ ተቀንሶ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። በተለይ መልሱ «ኦሮማይ» ከሆነ።

ስለ አማርኛ መጻሕፍት ሲወራ የሚነሳው ማን ጻፈው፣ መቼ ታተመ፣ ስንት ቅጂ ወጣው የሚለው ነው። ማን ለማን አቀበለው የሚለው ብዙም አይነሳም። ነገር ግን በኢትዮጵያ መጽሐፍ ለልብ ደስታ የተነበበበት ታሪክ በአመዛኙ የመቀባበል ታሪክ ነው። አንድ ሰው ገዝቶ አሥር ሰው ያነበበበት፣ አንድ ሰው አንብቦ አገር የሰማበት ታሪክ ነው። ያቀበለውም ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ከፍሏል፤ ገንዘቡን፣ ድምፁን፣ እንቅልፉን፣ አንዳንዴም ደኅንነቱን። መጽሐፍ በስልክ በሰከንድ ውስጥ በሚተላለፍበት በዚህ ዘመን ያንን ሒሳብ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

1. ውግዘት የተጻፈበት ገጽ

ከማተሚያ ቤት በፊት መጽሐፍ ማለት ብራና ነበር። ፍየሉ ወይም በጉ ይታረዳል፤ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በኋላ ቁም ጸሐፊው ለወራት ጎንበስ ብሎ ይሠራል። አንድ መጽሐፍ የአንድ ቤተሰብ ትልቅ ሀብት ሊሆን ይችል ነበር።

ስለዚህም በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገኛል። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል።

ይህ ውግዘት ከቁጣው ሌላ የሚነግረን ነገር አለ። መጽሐፉ ከቤት ይወጣ ነበር ማለት ነው። ይዋዋሱት ነበር፤ ሳይመለስ የሚቀርም ነበር። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ለሚኖር ዕቃ ማንም ውግዘት አይጽፍም። ውግዘቱ የተጻፈው መጽሐፍ እንደሚዘዋወር በሚያውቅ ሰው ነው። መዘዋወሩን አልከለከለም፤ የደከመበት ሰው ስም እንዳይጠፋና መጽሐፉ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ግን ፈልጓል።

ንባቡም ቢሆን የብቻ አልነበረም። በንባብ ቤት ተማሪው የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ጎረቤቱ ይሰማዋል። ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤም ፊደል በቆጠረ ልጅ አፍ ለቤተሰቡ ሁሉ ይነበባል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን ሥራ ሮም ላይ ሲያሳትም አዲሱ የንባብ ዓይነት የደረሰው እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ላይ ነው። ልብ ወለዱ ከውጭ መጣ፤ አነባበቡ ግን የአገር ቤቱን መንገድ ተከተለ።

2. አንድ ድምፅ፣ ብዙ ጆሮ

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ዘጠኙ ፊደል አይለዩም ነበር። ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ከዚያ 13 ዓመት ዘግይቶ በ1971 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ የቱንም ያህል ቢወደድ የሚገባው ጥቂት ቤት ነበር።

በሩን የከፈተው ሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ልብ ወለዱን ተረከው። በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሳን በየራሳቸው ድምፅ አናገራቸው። ሬዲዮ ያለው ቤት ሬዲዮ የሌለውን ጎረቤት አስቀመጠ። የባትሪ ድንጋዩ የደከመበት ሰው ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሙቆ ሰዓቱን ጠበቀ።

ዛሬም «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቤዋለሁ» የሚሉ ብዙ ሰዎች ሲጠየቁ የሚያስታውሱት ገጹን ሳይሆን የወጋየሁን ድምፅ ነው። ዋሽተዋል ማለት አይቻልም። መጽሐፉ የደረሳቸው በሌላ ሰው ጉሮሮ በኩል ነው። ደራሲው ጻፉ፣ ተራኪው ደከመ፣ ጣቢያው ጊዜውን ሰጠ። ትረካውን ሰምቶ መጽሐፉን ፍለጋ የወጣም ጥቂት አይደለም።

3. «መቼ ትሰጠኛለህ?»

«ኦሮማይ» የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። አሳታሚው የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲሆን፣ ደራሲው በዓሉ ግርማ ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በዚያን ዘመን መጽሐፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት የሚመረመረው በዚሁ ሚኒስቴር ነው።

ልብ ወለዱ በ1974 ዓ.ም. አስመራ ላይ የተጀመረውን የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ መነሻ ያደርጋል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያምና አስመሬዋ ፊያሜታ ጊላይ ሲዋደዱ፣ ከበስተጀርባቸው ባለሥልጣናት ይሽቀዳደማሉ፤ ጦርነቱም ወጣቱን ይበላል። አንባቢ ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኛ ሹማምንት ጋር ለማዛመድ ብዙ አልተቸገረም። ሹማምንቱም ራሳቸውን ለማወቅ አልተቸገሩም።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም።

ከመሰብሰቡ በፊት የወጡት ጥቂት ቅጂዎች ግን ሥራ አልፈቱም። በድብቅ ተሸጡ፤ ዋጋቸውም ሰማይ ነካ። ከዚያ በላይ ግን ተዋዋሱ። ሽፋኑ በሌላ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በጋቢ ሥር ተደብቆ፣ «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ተብሎ የሚሰጥ መጽሐፍ ሆነ። የተቀበለውም በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፤ ምክንያቱም ተረኛው እየጠበቀ ነው።

ያ አዋሽ ምን እንደከፈለ አስቡት። መጽሐፉ ብርቅ ነው፤ ከጠፋ አይተካም። ከተያዘ ደግሞ «ከማን አገኘኸው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱም የአዋሹ ስም ነው። ስለዚህ «ኦሮማይ»ን ለሰው መስጠት «አምንሃለሁ» ማለት ነበር። ደርግ ወድቆ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ጥያቄውን ይዞ የጠበቀው አንባቢ ከእነዚያ ሌሊቶች የተረፈ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ መድረሱም የዚሁ ሰንሰለት ቀጣይ ቀለበት ነው። መንግሥት ያቋረጠውን መጽሐፍ አንባቢ አሻገረው።

4. የሲጋራ ወረቀቱ መጽሐፍ

በዚያው በደርግ ዘመን፣ ከዚያም በባሰ ቦታ፣ ሌላ ቅብብሎሽ ነበር። ገጣሚውና በኋላ የ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆነው ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ እስር ቤት ነበር። ወደዚያ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገባ፤ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ታዋቂ ልብ ወለድ።

መጽሐፉ አንድ ነው፤ ማንበብ የሚፈልገው ብዙ ነው። ነቢይ መተርጎም ጀመረ። ደብተር አልነበረምና የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው። የተረጎመውን ለእስረኞች ያነብላቸዋል፤ እነሱም ያዳምጣሉ። ነገ ይኑሩ አይኑሩ የማያውቁ ሰዎች ስለ አንዲት የሩቅ አገር ሴት ፍቅርና እልህ ሰምተው ቀጣዩን ምዕራፍ ይጠብቃሉ። ለመዝናናት ማንበብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይህን ክፍል ማሰብ አለበት።

ወረቀቱ ሲቆጠር 3,000 ገደማ ደረሰ። የሚፈቱ እስረኞች በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እያጠፉ በየፊናቸው ይዘውት ወጡ። እያንዳንዱ ሲወጣ ከመፍታቱ ቀን ጋር እየተወራረደ ነበር።

5. ዛሬስ?

ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጁ ቀርቷል። መጽሐፍ ጋቢ ሥር መደበቅ ቀርቶ በፌስታል ተይዞ ይታያል። አዟሪው እስከ ትከሻው ቆልሎ ካፌ ድረስ ያመጣዋል። «ምን እያነበብክ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በይፋ መመለስ ይቻላል፤ የሚመልሱም ሰዎች ለመጻሕፍት ባለውለታ ናቸው።

ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። መጽሐፉ ሳምንት ሳይሞላው በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ፒዲኤፍ ይሆናል፤ ለሺዎች ይበተናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ሥራ መብት ሰጥቷል፤ ግን ወደ ቴሌግራም የሚያደርሰው እግር አጭር ነው።

የሚበትኑት ሰዎች መከራከሪያ አላቸው፤ መናቅም የለበትም። የወረቀት ዋጋ ንሯል፤ መጽሐፍ ከተማሪ ኪስ ርቋል። የመጻሕፍት መደብር የሌለበት ወረዳ ብዙ ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት የአማርኛ መጽሐፍ የምታገኘው ስልኳ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። «አባቶቻችንም ሲቀባበሉ ነው የኖሩት» ይላሉ።

ልክ ነው፤ ተቀባብለዋል። ነገር ግን ያዋሰ ሰው መጽሐፉ ከመደርደሪያው ይጎድልበት ነበር። አስቀድሞ ገዝቶታል፤ የሰጠውም የራሱን ነው። ወጋየሁ የሰጠው ድምፁን ነው። «ኦሮማይ»ን ያሻገረው ሰው ሕጋዊው በር በመንግሥት እጅ ስለተዘጋ በመስኮት አሳለፈው፤ ስለ ድፍረቱም ዕዳውን ራሱ ተሸከመ። ዛሬ ፒዲኤፍ የሚበትን ሰው ምንም አይጎድልበትም። ዋጋውን የሚከፍለው ደራሲው ብቻ ነው። ለሦስት ዓመት የጻፈው፣ ለማተሚያ ቤት የተበደረው፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጀመር የመጀመሪያውን ሽያጭ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ካልተጻፈ የሚጎዳው ደግሞ አንባቢው ነው፤ ግን ያልተጻፈ መጽሐፍ ማንም ሲጎድል አይታየውም።

መፍትሔው መቀባበልን መተው አይደለም። ከጥንትም መጽሐፍን ያቆየው እሱ ነው። አንድ ቅጂ ገዝቶ ለአሥር ሰው ማዋስ፣ ያነበቡትን በስሙ ጠርቶ ለወዳጅ መንገር፣ ለሩቅ ዘመድ በመንገደኛ መላክ፣ ደራሲው ራሱ በስልክ የሚሸጠው ካለ መግዛት፤ እነዚህ ሁሉ የድሮው ልማድ የዛሬ መልክ ናቸው። የብራናው ባለቤት የጠየቀው ይህንኑ ነበር። አንብቡት፤ አትስረቁት፤ ስሙን አትፋቁት።

የነቢይ መኮንን ወረቀቶች መጨረሻቸው ይህን ይመስላል። ተርጓሚው ሲፈታ ቀድመውት የወጡትን ሰዎች መፈለግ ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት። ሰዎቹ አደራቸውን አውጥተው ሰጡት፤ የሲጋራው ወረቀት ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ለሰው ሊያጫውቱት፣ ሊያባዙት፣ ሊጥሉት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ጠብቀው ለጻፈው ሰው መለሱለት።