ኢሜይልን፣ የሥራ ዝርዝርንና ቀጠሮን በእጅ ስልክ ስለመያዝ

በባሌ ከደሎ መና ወደ ጎባና ሮቤ ለአገልግሎት የሚጓዝ ተገልጋይ የሐረናን ደንና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚደርሰውን የሳነቴን ደጋ ያቋርጣል፤ ቀጠሮው ካለፈበት ድካሙና ወጪው ከንቱ ይቀራል። በአንድ የጎግል አካውንት ጂሜይልን ለመልእክት፣ ጎግል ታስክስን ለሚሟሉ ሰነዶች ዝርዝር፣ ጎግል ካላንደርን ለቀጠሮ ያለክፍያ መጠቀም ይቻላል።

ስልክዎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ቀኑንም ሰዓቱንም ቀይረው ይመዝግቡ። ለምሳሌ፣ ለጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተሰጠ ቀጠሮ ኦክቶበር 20 ቀን 2025፣ 10፡00 ኤኤም ተብሎ ይመዘገባል። ሰዓቱ ሳይቀየር 4፡00 ፒኤም ተብሎ ቢመዘገብ ግን ካላንደሩ የሚይዘው ከቀኑ 10 ሰዓትን ነው፤ ቀጠሮው ያኔ አልፏል። የጉዞውን ርቀት በማሰብም ማስታወሻው ከአንድ ቀን አስቀድሞ እንዲደርስዎ ያድርጉ።