አማካዩ የማን ነው? የኖርማል ሥርጭትና የሕፃናት ቁመት ታሪክ



በመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮርስ ዜድ-ስኮር የሚሰጠው በአንድ መስመር ነው፦ ከልኬቱ ላይ አማካዩን ቀንሱ፣ ልዩነቱን ለመደበኛ ልይይት አካፍሉ። ቀመሩን ማስላት የሚያቅተው ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም። «አማካዩ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

ደወል መሰሉን ኩርባ እ.ኤ.አ. በ1733 በቅድሚያ የጻፈው አብርሃም ደ ሟቭር ሲሆን፣ ዓላማው የዕድል ስሌትን ማቅለል ነበር። በ1809 ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የሥነ ፈለክ ምልከታ ስሕተቶችን ለመግለጽ ተጠቀመበት። በዚያ መስክ አማካዩ ለኮከቡ እውነተኛ ቦታ የሚቀርብ ግምት ነው፤ ከእርሱ መራቅ የተመልካቹ ስሕተት ነው። ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐሳቡን ወደ ሰው አካል አሸጋገረው፤ በ1846 ከ5 ሺሕ በላይ የስኮትላንድ ወታደሮች የደረት ልክ ይህንኑ ኩርባ እንደሚከተል አሳየ። ለኬትሌ «አማካይ ሰው» የተፈጥሮ ዒላማ ነበር። ዛሬ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ስሕተት አንለውም፤ አማካዩን ሚዛን የማድረግ ልማድ ግን አብሮን ቆይቷል።

በአገራችን ይህ ልማድ ጎልቶ የሚታየው በመቀንጨር ቆጠራ ነው። አንድ ሕፃን ቀንጭሯል የሚባለው የቁመት ለዕድሜ ዜድ-ስኮሩ ከ −2 በታች ሲሆን ነው። የ24 ወር ወንድ ልጅ ቆሞ ሲለካ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት መካከለኛ ቁመት 87.1፣ መደበኛ ልይይቱም 3.05 ገደማ በመሆኑ ውጤቱ −2.3 ይሆናል።

እ.ኤ.አ. የ2000 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሲታተም የቀነጨሩት ሕፃናት 52 በመቶ ነበሩ። ሚዛኑ በአሜሪካ ሕፃናት ልኬት ላይ የተመሠረተ ነበር። በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደህና ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን ለክቶ አዲስ መመዘኛ አወጣ። የ2000ው መረጃ በአዲሱ ሲሰላ 58 በመቶ ሆነ። አንድም ሕፃን አላጠረም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በኖርማል ሥርጭት ግን ከ −2 በታች የሚሆነው 2.3 በመቶ ብቻ ነው። የኩርባው ስፋት ሳይለወጥ 38 በመቶ እንዲደርስ አማካዩ ራሱ ወደ −1.7 መውረድ አለበት። በተጨባጭ መረጃ ኩርባው ይሰፋል፤ አንዱ ምክንያት የልደት ቀን በትክክል አለመታወቁ ነው፤ በዚህም አማካዩ ከዚህ ጥቂት ከፍ ይላል። ቢሆንም የተንሸራተተው ሥርጭቱ በሙሉ ነው። ከመስመሩ በላይ ከቆጠርናቸው ሕፃናትም ብዙዎቹ ሊያድጉ ይችሉ የነበረውን ያህል አላደጉም። የሥራ ዕቅዳችን መስመሩን ብቻ የሚመለከት ከሆነ እነዚህን ይረሳቸዋል።

ለእኛ ለባሌዎች ሌላም ጉዳይ አለ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከዚያም ከፍ ትላለች። መመዘኛው የተሠራባቸው ቦታዎች ግን ከ1,500 ሜትር በታች እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር የተመረጡት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ ባዬና ካሌ ሂርቮነን በ2020 ከ59 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ባሳተሙት ጥናት፣ ኑሯቸው የተሟላ ሕፃናት እንኳ ከ500 ሜትር በላይ ከመመዘኛው ዝቅ እንደሚሉ፣ ጉድለቱም በአብዛኛው በእርግዝናና በልደት አካባቢ እንደሚጀምር አሳይተዋል።

ከዚህ በመነሣት «ለደጋ የራሱ መመዘኛ ይሠራለት» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም። ሚዛኑን ዝቅ ብናደርግ ቁጥሩ ያምራል፤ ሕፃኑ ግን ባለበት ይቀራል። ከፍታው በእናቲቱ ላይ የሚያደርሰውን ጫና መመርመርና እርግዝናዋን መንከባከብ የእኛ ፋንታ ነው። ዜድ-ስኮር ርቀትን ይነግረናል፤ ርቀቱ ለምን እንደተፈጠረ መጠየቅ ለእኛ የተተወ ነው።